ከጓያ ጀምሩልን

ይድረስ ስለ ዘረ መል ምሕንድስና ለምትመራመሩ፣ ፈቃድ ለምትሰጡ፣ ሕግ ለምታወጡ፣ እንዲሁም በየሆቴሉ ስብሰባ ለምታዘጋጁ ሁሉ፤

ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት።

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ያለኝ ወፍጮ ቤት ነው። ደብዳቤ የመጻፍ ልማድም የለኝም። መብራት ሲጠፋ ግን ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም፤ ይኸው ስልኬን ይዤ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፍላችኋለሁ። ሐሳቤ እዚህም እዚያም ቢረግጥ አትፍረዱብኝ።

ሰው ምን እየበላ እንደሆነ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ወፍጮ ቤት ነው። ኑሮ ሲወደድ ጤፉ ውስጥ ሩዝ ይገባል። የሽምብራው ሽሮ ውስጥ ጓያ ይገባል። ደንበኛዬ «ንጹሕ ሽምብራ ነው» ትለኛለች፣ እኔም «እሺ» እላለሁ፣ ሁለታችንም ግን እናውቃለን።

አምና ሐይቁ ፊት ለፊት ባለ አንድ ሆቴል ስለዚሁ ስለ ዘረ መል ጉዳይ፣ ማለትም ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከወላጁ የሚወርሰውን መመሪያ ስለ መለወጥ፣ ስብሰባ ነበር። እኔን የጠሩኝ «የኅብረተሰብ ተወካይ» ጎድሏቸው ነው መሰለኝ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። አንዱ ወገን ይነሣና «ይህ ቴክኖሎጂ ካልገባ በረሃብ እናልቃለን» ይላል፤ ሌላው ይነሣና «ይህ ከገባ ዘራችን ይጠፋል» ይላል። ጥጥ ተነሣ፣ በቆሎ ተነሣ፣ ጤፍ ተነሣ። እኔ እጄን አውጥቼ «ጓያስ?» ብል ሳቅ ሆነ። ሰብሳቢው ጥያቄው መልካም እንደሆነ ነገሩኝና ሻይ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሻይው ላይ ልጨርሰው ያልቻልኩትን አሁን ልጨርስ።

አጎቴ የፎገራ ሰው ነበር። የፎገራን ሜዳ የማታውቁ ካላችሁ፣ ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ይወጡበታል፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ መሬት እርጥበቱን ይዞ ይቀራል። በዚያ ቀሪ እርጥበት ላይ ያለ ብዙ እርሻ፣ ያለ ማዳበሪያ ጓያ ይበተናል። ጎርፉም አይገድለው፣ ድርቁም አይገድለው። ክፉ ዘመን ሲመጣ ሌላው ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ጓያን አልፎ አልፎ በወጥ፣ ከሌላ እህል ጋር የበላ ሰው ምንም አይሆንም። ሌላ እህል ጠፍቶ ቁርሱም ምሳውም እራቱም ጓያ ሆኖበት ለወራት የከረመ ሰው ግን እግሩን ይሰበራል።

በ1969 ዓ.ም. ገደማ በፎገራና በደንቢያ የሆነው ይህ ነው። አጎቴ ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። በሽታው ደግሞ ጎረምሳ ይወዳል። ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በበትር ሄደ፤ እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ በጣቶቹ ጫፍ። አእምሮው ደህና፣ እጁ ደህና ነበር። ገመድ ሲፈትል የሚያህለው አልነበረም። አያቴ «እንፋሎቱ ነው የመታው» ትል ነበር፤ ጓያ ሲቀቀል እኛን ልጆቹን ከምድጃው ታባርረን ነበር። እንፋሎቱ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል መርዝ ነው። እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል፤ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። መድኃኒት የለውም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አጎቴ እስኪሞት ጓያ ይዘራ ነበር። ጓያ የሰበረው ሰው! አንድ ቀን ስጠይቀው «ሌላው ሁሉ ሲከዳኝ እሱ ብቻ አልከዳኝም» አለኝ። ስለዚህ «ጓያ ይከልከል» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ በሚያዝያ ወር፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ አንድ ገበሬ ቤት ገብቶ ጎተራውን ይመልከት።

አሁን ወደ እናንተ ሙያ ልምጣ። እንደገባኝ ልናገር፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ጣና ደሴቶች ላይ ባሉት ገዳማት ብራና የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ አለ። የተሳሳተ ፊደል ሲያገኝ ብራናውን አይጥለውም። በቢላ ፍቆ እዚያችው ቦታ ላይ ያርማታል። እናንተ የዘረ መል አርትዖት የምትሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ሴቶች ኖቤል የተሸለሙበት ክሪስፐር የሚባለው ነገር፣ ለእኔ ይህንን ይመስለኛል። መፋቂያ ቢላ ነው። ከሌላ መጽሐፍ ገጽ ቀዶ አምጥቶ መስፋት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ ከባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል ገብቶበት ትሉን ራሱ የሚገድለው ጥጥ እንደዚያ ነው፣ በ2010 ዓ.ም. አገራችን የፈቀደችው። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ሰው ግራ ይገባዋል፤ ስብሰባው ላይም ግማሹ ጭቅጭቅ ከዚህ የመጣ ነበር።

እና የጓያው መርዝ በተክሉ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ የትኞቹ ኢንዛይሞች እንደሚሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎች የጓያን ዘረ መል አንብበው ጽፈዋል። ማለትም የትኛው ፊደል እንደሚፋቅ ፍንጭ አለ። ቢላውም አለ። ታዲያ ምን ይዞ አቆማችሁ?

መልሱን እኔም አውቀዋለሁ። ጓያ የድሃ እህል ነው። ዘሩን በየዓመቱ ሄዶ የሚገዛ ሰው የለም። ገበሬው ከራሱ ጎተራ አውጥቶ ነው የሚዘራው። የማይሸጥ ዘር ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ትልቅ ኩባንያ የት ይገኛል? ለዚህ ነው ለእናንተ፣ የመንግሥት ደመወዝ ለምትበሉት፣ የምጽፈው። አትቀየሙኝና።

ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። መርዙ የቀነሰ ጓያ በተለመደው የማዳቀል ዘዴ እዚሁ አገራችን ወጥቷል፣ «ዋሴ» የሚባል። ግን የመርዙ መጠን እንደ መሬቱና እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል፤ ድርቅ ሲሆን፣ አፈሩ ዚንክ ሲያንሰው ከፍ ይላል። ድርቅ ሲሆን! ልክ ሰው ጓያ ብቻ በሚበላበት ጊዜ። ሌላም አለ። ንብ ከማሳ ማሳ ትዞራለች፣ የጎረቤት ጓያ ከአዲሱ ጋር ይዳቀላል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ «መርዝ የለውም» ተብሎ የተሰጠው ዘር መርዙ ይመለሳል። ገበሬው ግን አምኖ እየበላ ነው። ከዚህ የባሰ ክፉ ነገር አይታየኝም፤ ድሮ ቢያንስ ይፈራው ነበር። ተክሉስ መርዙን ከተባይ ወይም ከድርቅ ለመከላከል ይሆን የሚሠራው? ከተፋቀበት በኋላ ያ ጥንካሬው ይቀራል ወይ? እነዚህ የላቦራቶሪ ብቻ ጥያቄዎች አይደሉም። ማሳ ላይ፣ ዋልካው ላይ፣ ብዙ ዓመት ታይተው የሚመለሱ ናቸው። አዴት የምርምር ማዕከል ቅርባችን ነው፣ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው፣ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር አለ። ሰዉ አለ ማለቴ ነው።

«ይህን ሁሉ ካወቅህ እንዴት አትፈራም?» የሚለኝ ይኖራል። እፈራለሁ እንጂ። የምፈራው ግን ሰው እንደሚያወራው «ጭራቅ እህል» አይደለም።

እናቴ ስኳር አለባት። በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። ያ ኢንሱሊን የሰው ዘረ መል ገብቶባት የምትሠራ ጥቃቅን ባክቴሪያ ወይም እርሾ የፈበረከችው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ዓለም የሚጠቀምበት። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ አምላክ ይስጣቸው» አለችና ምሳዋን ቀጠለች። ስለዚህ የዘረ መል ምሕንድስና ገና የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ፍሪጃችን ውስጥ፣ ከእንቁላሉ አጠገብ ተቀምጧል።

የምፈራውን ልንገራችሁ። እኛ የጣና ዳር ሰዎች አንድ ነገር በራሳችን ላይ ደርሶብን አይተናል። እምቦጭ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ «ሐይቁ ላይ አንድ አበባ ታየ» ተባለ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ደስ የሚል አበባ፤ ፎቶ የተነሣበትም አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሰው ከየአገሩ እየመጣ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፣ ማሽን ተገዛ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ እምቦጩ ግን ተመልሶ በቀለ። እምቦጭ የዘረ መል ምሕንድስና ሥራ አይደለም፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተራ አረም ነው። ነገር ግን ሕይወት ያለው ነገር አንዴ ከተለቀቀ «ስሕተት ነበር» ተብሎ እንደማይሰበሰብ በዓይናችን አሳየን። ፋብሪካ መጥፎ ዱቄት ካወጣ ከገበያ ይሰበሰባል። ዘር አይሰበሰብም።

ለምሳሌ ወባ ላይ የሚታሰበው ነገር አለ። የተቀየረው ዘረ መል ለሁሉም ልጆቿ እንዲተላለፍ ተደርጋ የምትለቀቅ ትንኝ፣ ዘሯን ይዛ የምትጠፋ። ወባ እኛን በየዓመቱ ታስተኛናለች፣ በጣም ብጓጓ አይፈረድብኝም። ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሙከራ ያህል የማይወልዱ፣ ዘረ መላቸው የተለወጠ ወንድ ትንኞች ለቅቃ ነበር፤ በ2025 ግን መንግሥቷ ሥራውን በሙሉ አስቆመ። ትክክል ነበር አልነበረም፣ እሱን ለእነሱ ልተው። እኔ የምለው እንዲህ ያለውን ነገር ከመልቀቃችሁ በፊት እኛን፣ አጎበር ውስጥ የምንተኛውን፣ ጠይቁን ነው።

ሁለተኛው ፍርሃቴ ዘዴኛ ነው፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። ፎገራ ሩዝ አልነበረውም። ሩዙ በደርግ ጊዜ መጣ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም ነበሩበት። ገበሬው ወደደው፣ ስሙም «ኤክስ ጅግና» ተባለ። ወረታ ላይ ቆርቆሮ ቤት የሠራው፣ ልጅ ያስተማረው ሩዝ ነው፤ እኔም እፈጨዋለሁ፣ እንጀራዬ ውስጥም አለ። ግን ያ ሩዝ የተዘራበት ሜዳ የፎገራ ላም ትግጥበት የነበረው ነው። ያቺ በወተቷ የታወቀች ላም ግጦሿ እየጠበበ፣ ዘሯም ከሌላ እየተቀላቀለ ሄደ። ማንም ክፉ አላሰበም። ማንም ላሟን ላጥፋ ብሎ አልተነሣም። ማንም አልጠየቀም፣ በቃ። አዲስ ዘር ይዛችሁ ስትመጡ «ምን ያህል ኩንታል ይሰጣል» ብላችሁ ብቻ አትምጡ። ምን እንደሚያስወጣም ንገሩን።

ሦስተኛው የባለቤትነት ነገር ነው። ጤፍን ያህል ነገር ላይ፣ በዱቄቱ አዘገጃጀት፣ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የዚያው አገር ፍርድ ቤት ፓተንቱን በአገሩ ውስጥ ሻረው እንጂ! ገብስ ደግሞ አለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የውጭ ሰዎች ከአገራችን ሰብስበው ከወሰዱት ገብስ ውስጥ፣ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት የሚነፋውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ዘረ መል ተገኘ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ብዙ የቢራ ገብስ በዚያ ነው የሚጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች በገብሱ ውስጥ የታየውን የሚመስል ለውጥ ስንዴ ላይ በአርትዖት ሠሩ። ሳነበው ገረመኝ፣ ኮራሁም፣ ተናደድኩም። የአያቶቻችን ገብስ ያስተማረውን ሌላው አገር በስንዴ ላይ ጻፈው። እኛ ግን አሁንም «ይግባ ወይስ አይግባ» ላይ ነን። ዶክተር መላኩ ወረደ ዘራችን እንዲጠበቅ፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ ዘረ መሉ የተለወጠ ሕያው ነገር ከአገር አገር ሲሻገር በሚገዛው በካርታኼና ስምምነት ድርድር ላይ የድሃ አገር ድምፅ እንዲሰማ የደከሙት ለዚህ ቀን ይመስለኛል። በራችንን ዝም ብለን ዘግተን እንድንቀመጥ አይደለም፣ ስንከፍተው የምናስከብረው ነገር እንዲኖረን ነው።

ስለ ሰውስ? ርዕሱ እህል ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ እንግሊዝና አሜሪካ ሲክል ሴል ለሚባለው የደም በሽታ በክሪስፐር የሚሠራ ሕክምና ፈቀዱ። ደም የሚሠሩትን የመቅኒ ሕዋሳት አውጥተው፣ አርመው፣ መልሰው ይሰጡታል። አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋጋው ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ወደ ብር ለመቀየር ሞከርኩና ተውኩት። በሽታው የሚበዛው አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ሕክምናው ያለው ባሕር ማዶ። በ2025 ደግሞ ፊላደልፊያ ላይ ለአንድ ሕፃን፣ ለእሱ ብቻ ተብሎ በስድስት ወር ገደማ መድኃኒት ተሠራለት። አንድ ሕፃን! እኔ አልቀናም፣ ዕድሜ ይስጠው። ግን ዋጋው ካልወረደ ይህ ነገር ለእኛ ተረት ነው።

የታመመ ሰው ገላውን አርሙለት፣ ራሱ እሺ ካለ የእሱ ጉዳይ ነው፤ ከእሱ ጋር ያበቃል። ያልተወለደ ልጅ ዘረ መል ላይ ቢላ ማንሣት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የቻይና ሳይንቲስት፣ ሄ ጂያንኩይ፣ ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ብዬ ፅንሳቸውን አርሜ መንታ ሴት ልጆች አስወለድኩ ብሎ ዓለምን አስደነገጠ። ሦስት ዓመት ታሠረ። ልጆቹን ማን ጠየቃቸው? ቁም ጸሐፊው ሲፍቅ ከተሳሳተና ያ መጽሐፍ ከተገለበጠ፣ ግልባጩም የግልባጩም ግልባጭ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል።

እኛ በዚህ ነገር ጨዋ ሕዝብ ነን እኮ። ጎረምሳና ኮረዳ ሲተጫጩ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ዘረ መል የሚባል ቃል ሳይኖር ነው ይህ። ዘር የቤተሰብ ሁሉ ጉዳይ ነው ተብሎ፣ ሰው በብቸኝነት አይወስንበትም ነበር።

ደግሞ «ዘር» የሚለው ቃል በአገራችን ምን እንዳደረገን ልንገራችሁ አያስፈልግም። በስም፣ በአነጋገር፣ በመታወቂያ ስንለያይ የከረምን ሰዎች ነን። ነገ አንዱ ተነሥቶ «የደም ምርመራው እንዲህ ይላል» እያለ ሲለየን ይታያችሁ። ስለዚህ ለምርምር ደሜን ስትወስዱ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያነበው፣ መቼ እንደሚጠፋ በሚገባኝ ቋንቋ ጽፋችሁ ስጡኝ። በአማርኛ፣ ለአገው በአገውኛ። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክታችሁ አትሂዱ።

መብራቱ መጣ መሰለኝ፣ ላሳጥር።

ዘረ መሉ የተለወጠ ነገር በአገራችን የሚገዛበት የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ፣ 655/2001፣ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሎ ለምርምር በሩን ከፈት አድርጓል። ጤፍ እንዳይጋሽብ ቁመቱን የማሳጠሩ ሥራም እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ይቅናችሁ፤ የጋሸበ ጤፍ ጠጠሩ ወፍጮዬን ነው የሚበላው። ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ጓያውን ሥሩልን። በመንግሥት ገንዘብ፣ በእኛ ልጆች እጅ፣ ዘሩ የገበሬው ሆኖ፣ ከጎተራው አውጥቶ የሚዘራው፣ ለጎረቤቱ በቁና የሚሰጠው። መርዙ መመለስ አለመመለሱን በየዓመቱ የሚለካ ሰው ወረዳው ላይ አስቀምጡ። የማይቻል ሆኖ ካገኛችሁትም የማይቻልበትን ምክንያት ፎገራ መጥታችሁ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ፣ በአማርኛ ንገሩን። ያለ አበል። እስከዚያው ደግሞ ጓያ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል እንደሚረዳ በሬዲዮ ማስነገር ክሪስፐር አይጠይቅም።

የአጎቴ ዘር አለኝ። ከሞተ በኋላ ከጎተራው ሁለት ጣሳ ጓያ አምጥቼ በጠርሙስ አስቀምጫለሁ፣ ከሂሳብ ደብተሩ አጠገብ ነው ያለው። ለምርመራ የሚፈልግ ተመራማሪ ካለ አንዱን ጣሳ እሰጣለሁ፤ ሌላውን ለራሴ አስቀራለሁ። ሽምብጥ ጠይቃችሁ ኑ፣ ወፍጮ ቤቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። መብራት ካለ።

አክባሪያችሁ፣
የሽምብጡ ወፍጮ ቤት ሰውዬ